ርካሽ ተብሎ የተሸጠ እጅ

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት በአገራችን ያልሰማ የለም። ነገር ግን ይህን ተረት የምንተርተው አንዲት ምስኪን ባልቴት ስትሳሳት ስናይ ነው እንጂ ባለ ብዙ ሀብት ኩባንያ ወይም ባለ ሥልጣን ሲሳሳት ስናይ አይደለም። ታላላቅ ሰዎች የቆጡን ሲመኙ የብብታቸውን ቢጥሉ ነገሩ ሌላ ስም ይወጣለታል፤ «ወጪ መቀነስ» ይባላል፤ ይጨበጨብለታልም። እኔ ግን በዚህች ጽሑፍ ተረቱን ወደሚገባው ቦታ ልመልሰው አስቤአለሁ።

የምለው ነገር አንድ ነው። ገንዘብ ለማትረፍ ሲል የእጁን ሥራ ወደ ባሕር ማዶ የሚልክ ሰው፥ የላከው ሥራውን ብቻ አይደለም፤ ከሥራው የሚገኘውንም ትምህርት አብሮ ልኳል። ሥራው አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል። የእጅ ዕውቀት ግን እንደ አደራ ዕቃ በደረሰኝ ተቀምጦ አይቆይም፤ ያልሠራበት እጅ ይረሳዋል፥ የሠራበት እጅ ይወርሰዋል።

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ስለ ሆነ ነገሬ ሁሉ መጨረሻው ወደዚሁ አገር ይመጣል። ምሳሌዬን ግን አስቀድሜ ከሩቅ አመጣለሁ፤ ሰው የራሱን ጉድፍ ከማየቱ በፊት የሌላውን ማየት ይቀለዋልና። የባሕር ማዶውን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የአገራችንን ዘመን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በአሜሪካ አገር ካንሳስ በሚባለው ክፍል ዊቺታ የምትባል ከተማ አለች። አውሮፕላን ሠሪዎች ስለሚበዙባት ሰዎቿ «የዓለም የአየር ዋና ከተማ» እያሉ ይጠሯታል። በ1927 ክላይድ ሴስና የተባለ ሰው በስሙ የመሠረተው ኩባንያ በዚያች ከተማ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ሲሠራ ኖረ፤ ባለ አራት መቀመጫውን 172 የተባለውን ዓይነት ብቻ ከ40,000 በላይ ሠርቷል። በዓለም ላይ አውሮፕላን ማብረር ከተማሩት ሰዎች እጅግ ብዙዎቹ መጀመሪያ የጨበጡት የዚህን ኩባንያ መሪ ነው።

ይኸው ኩባንያ በ2007 ስካይካቸር የሚባል ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ለተማሪዎች እሠራለሁ ብሎ ዋጋውን 109,500 ዶላር አደረገው። ገዢዎች ተሻሙ፤ ከ1,000 የሚበልጥ ትእዛዝም ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ግን አውሮፕላኑ የሚሠራው በዊቺታ ሳይሆን በቻይና አገር፥ በሸንያንግ ከተማ ባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ መሆኑ ተነገረ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ላይ 71,000 ዶላር ይተርፋል ተባለ። ከዊቺታ ሠራተኛና ከብዙ አብራሪዎች ቅሬታ ቢሰማም ሒሳቡ ወረቀት ላይ እጅግ ያምር ነበርና ማንም አልመለሰውም።

እንግዲህ ፍጻሜውን ተመልከቱ። አውሮፕላኑ በሸንያንግ ተሠርቶ፥ ተፈትቶ፥ በሣጥን ታሽጎ፥ ውቅያኖስ አቋርጦ፥ ዊቺታ ሲደርስ እንደ ገና ይገጣጠም ነበር። በ2011 ዋጋው ወደ 149,900 ዶላር ወጣ። ርካሽ ይሆናል ተብሎ ከቤቱ የወጣው ነገር ርካሽነቱን በመንገድ ጥሎ መጣ። ከተመዘገቡት ገዢዎች ብዙዎቹ ተመለሱ፤ ከ200 ያነሱ ብቻ ተሸጡ፤ በ2013 ሥራው ቆመ። ሳይሸጡ የቀሩትም መለዋወጫ ሆነው ከቆዩ በኋላ በ2016 ተቆራርጠው ተጣሉ። አዲስ ሳሉ፥ አንድም ተማሪ ሳያበርሩ ቁርጥራጭ ብረት ሆኑ።

ሐቀኛ ሰው ግን ማመዛዘን ይገባዋል። ያ አውሮፕላን የወደቀው በቻይና ስለ ተሠራ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ሲሞከሩ ሁለት አውሮፕላኖች ተከስክሰዋል፥ አብራሪዎቹ በሕይወት ተርፈዋል፤ ሞተሩም ለእንዲህ ያለ ቀላል አውሮፕላን ከባድ ስለ ነበር የሚጭነው ሸክም አነሰ፤ የዓለም ገበያም በ2008 ታሞ ነበር። የሸንያንግ ሠራተኛም አላዋቂ አይደለም፤ የጦር አውሮፕላን የሚሠራ እጅ ነው። ስለዚህ እኔ የምከስሰው የቻይናን ሠራተኛ አይደለም። የምከስሰው ሒሳቡን ነው።

በሒሳቡ ላይ የብረቱ ዋጋ፥ የሰዓቱ ደመወዝ፥ የመርከቡ ኪራይ ተጽፏል። ያልተጻፈው ምንድር ነው? ነዳፊውና ሠሪው በአንድ ግቢ ሲውሉ የሚገኘው ጥቅም አልተጻፈም። ክንፉን የነደፈው ሰው ምሳውን በልቶ ሲመለስ ክንፉን የሚበሳው ሠራተኛ «ጌታዬ፥ ይህች ቀዳዳ እዚህ ብትሆን ይሻላል» ይለዋል፤ በዚያች በአንዲት ቃል አውሮፕላኑ ይሻሻላል። በሁለቱ መካከል ውቅያኖስ ሲገባ ግን ያች ቃል ደብዳቤ ትሆናለች፥ ደብዳቤው ይተረጐማል፥ ትርጕሙ ይመረመራል፥ ቀዳዳዋም እዚያው ትቀራለች። ደግሞም ከአሮጌው ሠራተኛ ጐን ቆሞ መዶሻ የሚያቀብለው ወጣት በሒሳቡ ውስጥ የለም። ዛሬ ደመወዙ ትንሽ ነው፥ ጥቅሙም ትንሽ ይመስላል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ዋናው ባለሙያ እርሱ ነበር። ሥራው ሲላክ እርሱ ከነገው ጋር ተሰረዘ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ይሉታል አባቶቻችን።

ከዚህም ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። የሸንያንግ ፋብሪካ አቪክ የሚባል የቻይና መንግሥት ድርጅት ክፍል ነው። የስካይካቸርን ሞተር የሠራው ደግሞ ኮንቲኔንታል የሚባለው ጥንታዊ የአሜሪካ ሞተር ፋብሪካ ነበር። በ2011 ኮንቲኔንታልን አቪክ ገዛው። በዚያው ዓመት ሲረስ የተባለውን፥ በትንንሽ አውሮፕላን ሥራ የሴስና ተፎካካሪ የሆነውን የአሜሪካ ኩባንያ እንዲሁ የአቪክ ክፍል ገዛው። ሆኖም አዲሱ ባለቤት የሲረስን ፋብሪካ ከዱሉት ከተማ ነቅሎ ወደ ቻይና አልወሰደውም፤ ሥራው እዚያው በሚኒሶታ ቀጠለ። ለምን ቢባል፥ ዕውቀቱ ያለው በዱሉት ሰዎች እጅ ውስጥ ስለ ሆነ ነው። እነሆ፥ አንዱ ለርካሽ ደመወዝ ብሎ ሥራውን ከባለሙያዎቹ ከተማ አወጣ፤ ሌላው ገንዘቡን አውጥቶ ባለሙያዎቹን ከነከተማቸው ገዛ። ከሁለቱ የእጅን ዋጋ ያወቀ ማን እንደ ሆነ ፍርዱን ለአንባቢዎቼ እተዋለሁ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ሰሜን ሸዋ አውሮፕላን አይሠራም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ምን ይመለከተናል የሚል ሰው ይኖራል። ይመለከተናል እንጂ! እኔ በመንዝ ባና ተጠቅልዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። የመንዝ በግ ለብርዱ የተፈጠረ ጠጕር አለው፤ ሴቶቹ ያንን ጠጕር ይፈትሉታል፥ ሸማኔው ይሠራዋል፥ ባና ወይም ዝተት ይሆናል፤ ጥቁሩም በርኖስ ይሆናል። ይህ ከማንም ያልተበደርነው ሙያ ነው። በ1957 ዓ. ም. በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋምም የአገሩ ብርድና የአገሩ በግ ተገናኝተው የመጡ ነገር ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ገበያ ውጡና እዩ። ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ከበግ ጠጕር ጋር ዝምድና የሌለው፥ አበባና አንበሳ የታተመበት ብርድ ልብስ ተቆልሏል። የበጉ ባለቤት ጠጕሩን የሚገዛው አጥቶ ለዚያ ብርድ ልብስ በጉን ይሸጣል።

ድሀውን አልወቅስም። ሦስት ልጆቹ በአንድ ቍርበት ላይ የሚተኙበት አባት ርካሹን ቢገዛ ትክክል ነው። የምወቅሰው ብዙ ገንዘብ ይዞ ብዙ ብርድ ልብስ የሚገዛውን ነው፤ ለአዳሪ ተማሪ፥ ለሕሙማን አልጋ፥ ለእንግዳ ማረፊያ። እርሱ «ከውጭ ቢመጣ ይረክሳል» ብሎ ሲፈርም ያተረፈውን ብር ይቈጥራል፤ ነገር ግን የፈትል ሙያዋን ለልጇ ሳታስተምር የምታልፈውን እናት አይቈጥርም። የዊቺታው ሒሳብና የእኛ ሹም ሒሳብ በአንድ እስክርቢቶ የተጻፉ ናቸው።

የእኛ በደል ደግሞ ከዊቺታ ሰዎች ይከፋል። እነርሱ ባለ እጃቸውን አከበሩት፥ ኋላ ግን ውድ ነህ አሉት። እኛ ግን ገና ከጥንቱ ባለ እጃችንን ሰደብነው። ማረሻውንና ማጭዱን የሚቀጠቅጥልንን ጠይብ አልነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብለን ቡዳ አልነው፤ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ናቅን፤ ልጃችንን አንድርም አልን። በሠራልን ማረሻ አርሰን የበላነውን እንጀራ ከእርሱ ጋር ለመቍረስ ተጸየፍን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ነገሩ የደረሰበትን ተመልከቱ። ሕዝብ የሚያበላውን እጅ እንዳይሰድብ ንጉሥ በአዋጅ ይከለክለዋልን? ይህ አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከሁሉም አፍ ገና አልጠፋም።

ከአንኮበርም አንድ ነገር ላንሣ። በአውሮፓ 1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ሃሪስ በመጽሐፉ እንደ ተረከው፥ ድሜጥሮስ የሚባል አንድ የውጭ አገር ባለ እጅ ለንጉሡ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ ግን ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉ ወፍጮው እንዲቆም ተደረገ። የአንኮበር ሴቶችም በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጐንበስ ብለው መፍጨታቸውን ቀጠሉ። ያ ወፍጮ ተወዶ ቢሆን፥ ውሃ በሚወርድበት በዚያ ገደል ሁሉ ስንት ወፍጮ ሠሪ ይወጣ ነበር? ሥራን ወደ ውጭ መላክ በመርከብ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በስድብና በሐሜትም ይደረጋል።

ከነገሥታቶቻችን መካከል ይህን ነገር አጥብቆ የተረዳው አፄ ቴዎድሮስ ነበር። በጋፋት የነበሩት የውጭ ሰዎች መድፍ እንዲያፈሱለት አደረገ፤ በ1858 ዓ. ም.ም ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ የላከው ባለ እጆችንና የሥራ መሣሪያ እንዲያመጣለት ነበር። እንግዶችን በሰንሰለት ማሰሩ ጥፋት አመጣበት፤ በዚህ አላመሰግነውም። ነገር ግን ከተሠራ መድፍ ይልቅ መድፍ የሚሠራውን እጅ መፈለጉ ትልቅ ማስተዋል ነው።

አውሮፕላንም ቢሆን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ. ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ አንዲት ቀላል አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሠራ፤ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያን አገራችንን ሲወርር ማርኮ ወሰዳት፤ ሮማ አጠገብ ባለ ሙዚየም ለረጅም ዘመን ታየች፤ በጥር 2016 ዓ. ም. ለአገሯ ተመለሰች። ሲመልሷት ደስ ብሎን አጨበጨብን፤ ደግ ነው። ግን እጠይቃለሁ፤ የተመለሰችው አውሮፕላኗ ናት፤ የሠሯት እጆችስ ምን ያህል ተማሪ ተዉልን? ወረራው አውሮፕላኗን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ቈርጦታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሜሪካውን አግ-ካት የእርሻ አውሮፕላን «እሸት» ብሎ በፈቃድ አዲስ አበባ ላይ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ እርሱም ብዙ ሳይራመድ ቀረ። ሁለት ጊዜ ጀምረን ሁለት ጊዜ አቋረጥን።

ይሁን እንጂ ያላቋረጥነው ነገር ምን እንዳፈራ ደግሞ እዩ። አየር መንገዱ በ1938 ዓ. ም. ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ኩባንያ ጋር ሲቋቋም አብራሪውም ጠጋኙም አስተዳዳሪውም የውጭ ሰው ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያዊ እየተማረ እንዲተካ ተደረገ። በአውሮፓ 1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነ፤ በ1963 ዓ. ም. ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ዛሬ የሌሎች አገሮች አውሮፕላኖች አዲስ አበባ መጥተው ይጠገናሉ። ልዩነቱ የመጣው ከገንዘብ ብዛት አይደለም። ከእንግዳ ጋር የተደረገው ውል «አስተምረህ ሂድ» የሚል ስለ ነበረበት ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለዛሬይቱ ደብረ ብርሃን ነው። በ2011 ዓ. ም. በከተማችን የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ብዙ ሰው ተደሰተ፤ እኔም ሥራ ያገኘች ልጅ ደመወዟን ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ ደስ ይለኛል። ነገር ግን እንጠንቀቅ። በዊቺታ የተበደለው ሥራው የሄደበት ሠራተኛ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሥራው የሚመጣልን ሆነናል። ይህ ዕድል ነው ወይስ ወጥመድ? እንግዳው ወደ እኛ የሚመጣው ጐበዞች ናችሁ ብሎ ሳይሆን ርካሾች ናችሁ ብሎ ከሆነ፥ ከእኛ የረከሰ ባገኘ ቀን ይሄዳል። ጨርቁ በውጭ ተነድፎ፥ በውጭ ተሠርቶ፥ ቍልፉና ክሩ ከውጭ መጥቶ፥ የእኛ ልጅ አንዲት እጅጌ ብቻ ስትሰፋ ውላ ከገባች፥ አሥር ዓመት ብትሠራ እጅጌ መስፋት እንጂ ሸሚዝ መሥራት አትችልም።

ይህ ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ ሐዋሳ ትመስክር። ፒ ቪ ኤች የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ በሐዋሳ ፓርክ ስመ ጥር ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አሜሪካ አጎዋ የሚባለውን የቀረጥ ነጻ ዕድል እንደምትነሣን ባስታወቀች ጊዜ፥ በኅዳር 2014 ዓ. ም. ኩባንያው ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዕድሉም በታኅሣሥ ተቋረጠ። ኩባንያውን አልረግምም፤ እርሱ ያሰላው እንደ ነጋዴ ነው። ግን ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሲሄድ ምን ትቶ ሄደ? የሰፊዋን ወንበር ብቻ ትቶ ከሄደ የሰው ወርቅ አያደምቅም ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

አጥር እንትከል፥ እንግዳ አይግባ የምል እንዳይመስላችሁ። የአንኮበር አገር ንግድን የሚጠላ አገር አልነበረም፤ የዐፋር ጨው ወደ ዓልዩ አምባ ገበያ ሲወጣ፥ ከዚያም የደጋው እህል ሲወርድ የኖረ ነው። ጨው የለንምና ጨው ገዛን፤ ይህ ንግድ ነው። ያለንን ሙያ ጥለን የሌላውን ርካሽ መልበስ፥ ወይም ሳንማር ለሌላው ርካሽ ጕልበት መሆን ግን ንግድ አይደለም፤ እጅን መሸጥ ነው። ሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሥራን በደመወዝ ብቻ መመዘን።

ስለዚህ የምንመክረው ከባድ ነገር አይደለም። ወደ ፓርኩ የሚመጣ እንግዳ መሬትና መብራት ሲጠይቅ እኛም የምንጠይቀው ይኑረን፤ ልብሱ የሚነደፍበትም ክፍል እዚህ ይሁን፤ መኪናው ሲሰበር የሚጠግነው ከዚሁ ይሁን፤ ወጣቶቻችን ከባለሙያ ጐን የሚቆሙበት ዘመን በውሉ ይጻፍ። በመንግሥት ገንዘብ ብርድ ልብስ የሚገዛ ሹም የመንዝ ሸማኔና የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ምን ማቅረብ እንደሚችሉ ሳይጠይቅ አይፈርም። አባትም ልጁ የእጅ ሥራ ልማር ሲለው አያሳፍረው፤ ቀጥቃጩን በስሙ ይጥራው እንጂ በስድብ አይጥራው።

እናንተም አንባቢዎቼ፥ ዕቃ ስትገዙም ውል ስትፈርሙም ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው «ስንት ነው?» የሚለው ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቅበታለን። ሁለተኛው «ማን ተማረበት?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠይቅ ሕዝብ ዛሬ ጥቂት ብር ያተርፋል፤ ነገ ግን ሁሉን ነገር በጠሩለት ዋጋ ይገዛል፤ ራሱ መሥራቱን ረስቷልና አማራጭ የለውም።